የአባት እግርና የልጅ ቀለብ

ጥምቀት ካለፈ በሦስተኛው ቀን ጎንደር ላይ፣ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ትንሽ ጠረጴዛ አቁሞ ማመልከቻ ከሚጽፍ ወዳጄ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ከተማው ገና ከበዓሉ አልተላቀቀም፤ እንግዳው ወደየአገሩ ለመመለስ መኪና ይጠባበቃል። ከእርሱ ጠረጴዛ አጠገብ ግማሽ ቀን መዋል ብዙ ቅጠል ያለው የሕግ መጽሐፍ ከማገላበጥ ይበልጥ ያስተምራል ብዬ ከዚህ ቀደም ተናግሬአለሁ፤ አሁንም ከቃሌ አልመለስም።

ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ከዳባት ገጠር መሆኗን አነጋገሯም አለባበሷም ይናገራል። በነጠላዋ ጫፍ ከቋጠረችው ውስጥ አራት እጥፍ የሆነ ወረቀት አወጣችና፣

«አያ፣ ይህን አንብበው አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለችው።

ወረቀቱ ፍርድ ነው። የቀድሞ ባሏ ለስምንት ዓመት ልጃቸው በየወሩ 1,500 ብር ቀለብ እንዲከፍል የወረዳው ፍርድ ቤት ወስኖበታል። ሰውየው ጎንደር ውስጥ ግንበኛ ነው። አራት ወር ከፈለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዐሥራ አራት ወር ሆነው። ባለፈው ኅዳር አዘዞ ላይ መንገድ ሲሻገር የጭነት አይሱዙ ገጨውና እግሩ ተሰበረ። አሁን ሐኪም ቤት ቆይቶ ወጥቷል። የመኪናው ባለቤትና እርሱ በሽማግሌ ተነጋግረው ሊጨርሱ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ገንዘቡ ይቆጠራል ሲሉ ሰምታ ነው የመጣችው።

«እግሩ በመሰበሩ አዝኛለሁ፤ የልጄ አባት ነው። ግን ያ ገንዘብ ሲቆጠር ልጄ ወዴት አለ?»

ተራውን የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ከጎን ሆኖ ይሰማ ኖሯል። «እኅቴ፣ የሰው አጥንት ዋጋ ላይ ቀለብ ትጠይቂያለሽ? ይህ ነውር አይደለም?» አላት። ሴትዮዋ ዝም አለች። ወዳጄም ብዕሩን እንደያዘ ወደ እኔ አየ።

የጎልማሳው ቃል እንዲያው የሚናቅ አይደለም። በደጋው አገር የደም ካሣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚቆረጥ የተከበረ ነገር ሆኖ ኖሯል። ካሣ የተጎዳው ሰው ነው፤ ከቁስሉ የሚለይ ገንዘብ አይደለም የሚል ስሜት በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ አለ። ነገር ግን ሕጉ ካሣን እንዴት እንደሚያየው ብንመረምር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። የመኪና ባለቤት፣ መኪናውን ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የጉዳቱ ሂሳብ ሲሠራ ግን አንድ ድፍን ገንዘብ አይደለም። አንደኛው የሕክምናው ወጪ ነው፤ ይህ ለቁስሉ የወጣ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ሥራ ፈትቶ በመቀመጡ ያጣውና ወደፊትም የሚያጣው ገቢ ነው። ሦስተኛው የሕሊና ጉዳት ካሣ የሚባለው ነው፤ ለዚህኛው ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። (በ1952 ዓ.ም. ሺህ ብር ሺህ ብር ነበር፤ ዛሬ ለሐዘን የተመደበው ይህ ገንዘብ ሁለት ሰው ምሳ ጋብዞ ላይተርፍ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

እንግዲህ ጎልማሳው «የአጥንት ዋጋ» ያለው ገንዘብ ሲፈታ፣ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ክፍል አጥንቱ ሳይሆን የጠፋው ደመወዝ ሆኖ ይገኛል። ግንበኛው እግሩ ደኅና ሆኖ ቢሠራ ኖሮ የሚያገኘው የቀን ምንዳ ነው። ከዚያ ምንዳ ላይ ደግሞ የልጁ እንጀራ አስቀድሞ በፍርድ ተቆርጦበታል። ምንዳው ስሙን ለውጦ «ካሣ» ተባለ እንጂ፣ ልጁ ከውስጡ አልወጣም። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ እናቲቱም ልታፍር አይገባትም።

ቀለብ ማለት ደግሞ እንዲያው ጤፍ መስፈር አይደለም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ይኸውም አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ እንደ ሌሎቹ የቤተሰብ ሕጎቻችን ሁሉ፣ ምግቡንም መጠለያውንም ልብሱንም ሕክምናውንም ትምህርቱንም ያጠቃልላል። መጠኑ የሚለካው በልጁ ችግርና በከፋዩ አቅም ነው። አቅሙ ሲለወጥ መጠኑም በፍርድ ቤት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ እግሩ የተሰበረው አባት «ከእንግዲህ 1,500 ብር አልችልም» ብሎ ቢያመለክትና ቢያስረዳ ይሰማል፤ መብቱም ነው። ይህ ግን ለወደፊቱ ነው። ካልከፈላቸው ወራት የሚበዙት እግሩ ሳይሰበር ያለፉ ናቸውና እግሩን ምክንያት ሊያደርግባቸው አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ያ ገንዘብ ለቀለብ ዕዳ ሊያዝ ይችላልን?

መልሱ የሚገኘው ገንዘቡ ከየት ኪስ እንደሚወጣ በማወቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለፍርድ ዕዳ የማይያዙትን ነገሮች ዘርዝሯል። የባለዕዳው የሚለብሰው ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃው፣ መኝታው፣ የሚሠራበት መሣሪያ፣ ገበሬ ከሆነ በሬውና ዘሩ፣ እንዲሁም ከደመወዙ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ አይነኩም። የግንበኛው መዶሻና ቱምቢ አይወሰድም ማለት ነው። በመኪና ለተገጨ ሰው የሚከፈል ካሣ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ገንዘቡ ገና በመኪናው ባለቤት ወይም በመድን ድርጅቱ እጅ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያዝ ይችላል።

ነገር ግን ይኸው ግንበኛ በአይሱዙ ተገጭቶ ሳይሆን፣ በአንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጣል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው የሚከፍለው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ለተሳነው ሠራተኛ አሠሪው መድን ካልገባለት የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይከፍለዋል። ይኸው ሕግ የጉዳት ክፍያ ግብር እንደማይከፈልበት፣ ለሌላ እንደማይተላለፍ፣ በዕዳም እንደማይያዝ ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ያሰበው አራጣ አበዳሪው የሠራተኛውን የስብራት ገንዘብ እንዳይነጥቀው ነው፤ መልካም አሳብ ነው። ሲጻፍ ግን አበዳሪውና ልጁ በአንድ በር ውጭ ቀሩ። ልጅ አበዳሪ አይደለም፤ በወለድም አላበደረም። ይህን ዐረፍተ ነገር የሚያሻሽል ሰው ቢነሣ እኔ በበኩሌ አመሰግነዋለሁ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። አባትየው በአደጋው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ልጁን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2095 የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች በገዛ ስማቸው ካሣ እንዲጠይቁ ይፈቅድላቸዋል። ከዚያም በላይ በቁጥር 828 ይህ በሞቱ ምክንያት ለዘመዶቹ የሚሰጥ ካሣ ከውርሱ ንብረት እንደማይቆጠር ተጽፏል። ስለዚህ የሟቹ ባለዕዳዎች፣ ማለትም ገንዘብ ያበደሩት ሁሉ፣ እጃቸውን ሊሰነዝሩበት አይችሉም። የሞተውን አባት ልጅ ሕጉ በስሙ ይጠራዋል። አባቱ ቆስሎ የተረፈለትን ልጅ ግን «ጠያቂ ካለህ ይምጣ» ብሎ ደጅ ያስጠናዋል። ካሣው የሚከፈለው ለአባቱ ነው፤ ልጁ እንደ ማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ተሰልፎ መምጣት አለበት።

ይህ በየአገሩ አንድ ዐይነት አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ጎንደሬዎች ስላሉ፣ ከእነርሱም መካከል በመኪና አደጋ ካሣ የተከራከሩ ስለማይጠፉ፣ የዚያን አገር ነገር ማንሣቱ አይከፋም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ግዛቶቹ ሁሉ ያልተከፈለ የልጅ ቀለብ በባለዕዳው ንብረት ላይ በሕግ ኃይል ራሱ መያዣ እንዲሆን አስገድዷል። እናትየዋ ለዚያ መያዣ ብላ አዲስ ክስ መመሥረት አያስፈልጋትም። በኒው ጀርዚ ግዛት ደግሞ ጠበቃው ለደንበኛው ከ2,000 ዶላር በላይ የሆነ የተጣራ የካሣ ገንዘብ ከማስረከቡ በፊት፣ ደንበኛው የቀለብ ዕዳ ያለበት መሆን አለመሆኑን ከመዝገብ ማጣራት አለበት። ዕዳ ከተገኘ መጀመሪያ ልጁ ይከፈላል፤ የቀረው ለባለ ቁስሉ ይሰጣል። በአንዳንድ ግዛቶችም የመድን ድርጅቶች ገንዘቡን ከመልቀቃቸው በፊት የተጎጂውን ስም ከቀለብ ባለዕዳዎች ስም ጋር ያመሳክራሉ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። የመድን ድርጅቱ ጸሐፊ የተጎጂውን መታወቂያ ያያል፣ የሐኪም ወረቀቱን ያያል፣ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ያያል፤ ዳባት ላይ ልጅ እንዳለው ግን የሚነግረው የለም። ገንዘቡ በሽማግሌ ሲያልቅማ ከዚህም የባሰ ነው። ባለመኪናው ይቀመጣል፣ ተጎጂው ይቀመጣል፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፤ ብሩ ይቆጠራል፣ ይፈረማል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያ ገንዘብ ለሐኪም ይሁን፣ ለቤት ኪራይ ይሁን፣ ለአረቄ ይሁን የሚጠይቀው ሰው የለም። እርግጥ በዕርቅ መጨረሱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ክርክርን በአንድ ቀን ይቈርጣል። የሚጎድለው በዚያ ክብ ውስጥ ስለ ልጁ አንድ ቃል የሚናገር ሰው ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ በልቡ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት ጽፏልና። ሴትዮዋን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መክፈል ካቆመ ወዲህ አፈጻጸም ከፍተሻል?»

«አልከፈትሁም። ዛሬ ነገ ይልካል ስል፣ ዘመድም ታገሺ ሲለኝ…»

ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ቀለብ ውዝፍ በሕጋችን ያለው ደንብ በግርድፉ እንዲህ ነውና፦ የመክፈያው ቀን ከደረሰ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ሳይጠየቅ የቀረ ቀለብ፣ ባለመብቱ ለኑሮው አስፈላጊ እንደነበረ ካላስረዳ በቀር፣ ከዚያ ወዲያ ሊጠየቅ አይችልም። የደንቡ መነሻ ቀለብ የዕለት ነገር ነው፤ ያላስፈለገህን የዓመት እንጀራ አጠራቅመህ አትጠይቅ የሚል ነው። ነገር ግን የዳባቷ ሴት ዝም ያለችው ልጇ ጠግቦ ስላደረ አይደለም። ዘመድ «ታገሺ» ብሏት ነው፤ ለመኪና የሚሆንም ስላልነበራት ነው። ዐሥራ አራቱ ወር ሲባዛ 21,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት 4,500 ብር አያከራክርም። ለቀረው 16,500 ብር ግን ማስረዳት ይኖርባታል፤ ከማን ተበድራ ልጁን እንዳበላች፣ የትምህርት ቤት ነገር እንዴት እንደሆነ፣ የሱቁ ዱቤ ስንት እንደደረሰ። እንዲህ ያለውን ዱቤ የጻፈ ባለሱቅ ካለ ያ ደብተር በዚያ ቀን ከወርቅ ይከብራል።

እዚህ ላይ ደመወዝ የምትበሉ ወጣት አንባብያን፣ ነገሩ የገጠር ሴትና የግንበኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን የቀለብ ነገር ይቀላል፤ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፤ ሒሳብ ክፍሉ ከደመወዙ እስከ ሲሶው ድረስ በየወሩ ይቆርጣል። ሰውየው ቢያኮርፍም ባያኮርፍም ልጁ ይበላል። ደመወዝተኛው የሚያመልጠው በሁለት መንገድ ነው፤ ሥራ ሲለቅ ወይም እንደዚህ ያለ ያልታሰበ ገንዘብ ሲገባለት። ስለዚህ በየመዝገብ ቤቱና በየሒሳብ ክፍሉ የምትሠሩ ሁሉ፣ አንዲት ሴት የታጠፈ ወረቀት ይዛ መስኮታችሁ ላይ ስትቆም ወረቀቱን ተቀብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ያ ቀን በኋላ ክርክር ሊፈታ ይችላል።

ወዳጄ ሁለት ማመልከቻ ጻፈላት። አንደኛው ፍርዱን ለሰጠው ለወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ የአፈጻጸም መዝገብ እንዲከፈትና፣ ገንዘቡ የሚገኘው ጎንደር ስለሆነ አፈጻጸሙ ወደዚህ እንዲላክ የሚጠይቅ። ሁለተኛው የእግድ አቤቱታ ነው፤ የመኪናው ባለቤትና የመድን ድርጅቱ ለግንበኛው ከሚከፍሉት ካሣ ውስጥ እስከ 21,000 ብር የሚደርሰውን ይዘው እንዲቆዩ የሚጠይቅ። የባለመኪናውን ሙሉ ስም፣ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የመድን ድርጅቱን ስም ከትራፊክ ፖሊስ እንድታመጣ ነገራት። እግዱ ደርሶት እያለ ገንዘቡን ለግንበኛው አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ራሱን ለኃላፊነት ያጋልጣል። ይህን የሚያውቅ ባለመኪና የፍርድ ቤቱ ማኅተም ሲደርሰው በሽማግሌ ፊት የሚያደርገውን ጥድፊያ ያቆማል።

ሕክምናው እንዳይጓደልስ? ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አቤቱታው ላይ አንድ መስመር እንዲጨመርበት ለመንሁት፤ ለሕክምና የወጣውና የሚወጣው ገንዘብ እንዳይነካ፣ የሚያዘው ላጣው ገቢ ከሚከፈለው ላይ እንዲሆን። ሴትዮዋም ተስማማች። «እግሩ ካልዳነ ወደፊት በምኑ ሊከፍለኝ?» አለች። ጎልማሳው ይህን ሲሰማ ከእኔ ቀድሞ ሳቀ።

ገንዘቡ ምን ያህል እንደሚሆን ግን ማንም አላወቀም። የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005፣ ሲወጣ የመድን ድርጅቱ ለአካል ጉዳት የሚከፍለውን ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000 ብር አድርጎት ነበር። ጉዳቱ ከመድኑ ጣሪያ ቢበልጥ የተረፈው ከባለቤቱ ከራሱ ይጠየቃል። ለዚህ ደግሞ የአካል ጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል። ግንበኛው ይህን ሳይዝ በሽማግሌ ፊት ከፈረመ እርሱም ይጎዳል፤ የሚጠይቀውን ሳያውቅ ይፈርማልና። በሕጉ የካሣ ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት ጊዜ አለው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲጨርስ የሚያጣድፈው ባለመኪናው እንጂ ሕጉ አይደለም። በዚህ ነገር እናቲቱና አባትየው ጠላቶች አይደሉም፤ ካሣው በልኩ እንዲሆን ሁለቱም ይፈልጋሉ።

አንድ ሰው «ያሳስሩት» ማለቱም አልቀረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ቀለብ የሚከለክለውን ሰው በእስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ እውነት ነው። ወዳጄ ግን ይህን አልጻፈም፤ እኔም አልገፋፋሁትም። በክራንች የሚሄድ ግንበኛ እስር ቤት ገብቶ ለልጁ የሚተርፍ ነገር የለም።

ለዳኝነት የሚከፈል የላትም። ወዳጄ በደሃ ደንብ ለመታየት የሚያስፈልገውን ማስረጃ ከቀበሌዋ እንድታመጣ ነገራት፤ ካልሆነላትም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ወዴት እንደምትሄድ አመለከታት። ለጻፈው ዋጋ የተቀበላት ግማሹን ነው። ሲነግራት እኔን ላለማየት ወደ ሌላ በኩል ዞረ።

ሁለቱን ማመልከቻ ከፍርዱ ጋር አንድ ላይ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ጎልማሳው ቦታውን ለቅቆላት ነበር፤ አልተቀመጠችም። «ዛሬ ማን ቀን ነው?» ብላ ጠየቀች። ነገራት። በጣቷ ቈጠረች። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት በሚመጣው ሐሙስ ነው። የዳባት መኪና ሳያመልጣት ልትደርስ በፍጥነት ወደ መናኸሪያው ወረደች፤ ወዳጄም ወደ ጎልማሳው ዞሮ «ያንተስ ጉዳይ ምንድን ነው?» አለው።

«የእኔም» አለ ጎልማሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔም የቀለብ ነው። ከሳሿ ግን እኔ አይደለሁም።»